ከጡት በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት

በአገራችን አሳማ ማርባት ጥቂት ሰው ብቻ የሚገባበት ሥራ ነው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ሥጋውን ስለማይበላ ገበያው በሆቴሎችና የውጭ ዜጎች በሚያዘወትሯቸው ምግብ ቤቶች የተወሰነ ነው። ላም ያላት ሴት ጥጃዋ ሲቀዝንባት ጎረቤት ጠርታ ታማክራለች፤ አሳማ የምታረባዋ ግን የምታማክረው የላትም። ግልገል በየበረቱ የሚያልቀው በአብዛኛው ለሕመሙ መላ ጠፍቶ ሳይሆን መላውን የሚያወራ ሰው ጠፍቶ ነው የሚል እምነት አለኝ። ስለዚህ ነገሩን በሁለት ሰዎች አፍ አስቀምጬዋለሁ፤ ቢሾፍቱ ዳር ጥቂት እናት አሳማዎች ያሏቸው አንዲት እናትና እንስሶቻቸውን የሚያክምላቸው ወጣት ሐኪም። ቦታው የበረቱ ደጃፍ፣ ወሩ ኅዳር ነው።

እትዬ፦ ነገ ሃያ አንድ ቀናቸው ነው። ጠዋት እናቲቱን አወጣታለሁ፤ እሷም ቶሎ ትጠቃልኛለች።

ሐኪሙ፦ ሁለት ሳምንት ቢጨምሩላቸውስ እትዬ?

እትዬ፦ ሁለት ሳምንት! መኖውን አንተ ልትገዛልኝ ነው? ውጭ አገር በ21 ቀን ነው የሚያስጥሉት ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ፦ የሰሙት ልክ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሦስት ሳምንት ማስጣል የተለመደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ የእናቲቱ ወይም የግልገሎቹ ጤና ካላስገደደ በቀር ከ28 ቀን በፊት እንዳይደረግ ከልክሏል። አንድ ሳምንት ማሳጠር የሚፈቅደው ግልገሎቹ የሚገቡበት ክፍል ለብቻው የተሠራ፣ ከነሱ በፊት የነበሩት በሙሉ ወጥተው የታጠበና በጸረ ተዋሲያን የጸዳ ሲሆን ነው። ያ ክፍል ማሞቂያ አለው። መኖውም የወተት ዱቄትና የዓሣ ዱቄት ገብቶበት ለሕፃን ሆድ ተብሎ የተቀመመ ነው። በ21 ቀን የሚያስጥሉት ይህን ሁሉ አሟልተው ነው። እኛ ቀኑን ብቻ ወስደን ክፍሉንም መኖውንም እዚያው ትተነዋል።

እትዬ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ግን በዓመት የምትወልድልኝ ይቀንሳል።

ሐኪሙ፦ እስቲ አብረን እናስላው። እርግዝናዋ 114 ቀን ነው። በ21 ቀን አስጥለዋት በሳምንቱ ብትጠቃ ከወሊድ እስከ ወሊድ 142 ቀን ይሆናል። 365ን ለ142 ሲያካፍሉት በዓመት 2.57 ወሊድ። በ35 ቀን ካስጣሉ ደግሞ 156 ቀን፤ ይህ 2.34 ወሊድ ነው። ልዩነቱ 0.23 ብቻ ነው። በአንድ ወሊድ ዘጠኝ ግልገል ያድግልኛል ብለው ቢቆጥሩ፣ ከአንዲት እናት በዓመት የሚቀርብዎ ሁለት ግልገል ገደማ ነው።

እትዬ፦ ሁለት ብቻ?

ሐኪሙ፦ ሁለት። ካለፈው ወሊድ ጡት ከጣሉ በኋላ ስንት ሞተብዎ?

እትዬ፦ ሦስት። ሁለቱ በአንድ ሌሊት።

ሐኪሙ፦ በየወሊዱ ሦስት ከሆነ በዓመት ሰባት ስምንት ነው። ከሞት የተረፉትም ከስተው፣ ፀጉራቸው ቆሞ አንድ ወር ሙሉ ሳያድጉ ይቆያሉ። የነሱን መኖ ማን ይቆጥረዋል?

እትዬ፦ ቆይ፣ ለምን ይሞታሉ? እስከዚያ ቀን ድረስ እኮ ሲፈነጥዙ ነው የሚያድሩት። ከእናታቸው ከወጡ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ነው ሁሌም የሚጀምራቸው።

ሐኪሙ፦ ቀኑን በደንብ ይዘውታል። እናቲቱ አሁን ያለችበትን ሁኔታ ይመልከቱ። የእናቲቱ ወተት ከሁሉ የሚበዛው በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እነዚህ ልጆች ሌላ ምግብ የሚፈልጉበት ምክንያት ገና አልመጣባቸውም። በዚህ ሰሞን ነው ወተቱን ድንገት ቆርጠን እህል ፊታቸው የምንደፋው። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ምንም አይቀምስም፤ ሁለት ቀን ሳይበላ የሚቆይም አለ። የትንሹ አንጀት የውስጥ ገጽ ሲታይ እንደ አዲስ ፎጣ ነው፤ ምግብ የሚመጥጡ ደቃቅ ክሮች ቆመውበታል። ሆዱ ባዶ ሲሆን እነዚያ ክሮች በጥቂት ቀን ውስጥ ያጥራሉ። በሦስተኛው ቀን ረሃቡ ሲጠናበት ግልገሉ ገንዳው ላይ ይወድቅና እስኪጠግብ ይሰለቅጣል። የተጎዳው አንጀት ይህን ሁሉ መፍጨት አይችልም። ሳይፈጭ ወደ ታች ባለፈው ፕሮቲን ባክቴሪያው ይራባበታል። ኢ.ኮላይ የሚባለው ማለቴ ነው። መርዙ አንጀቱን ውኃ ያስተፋዋል፤ ያ ነው እርስዎ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን የሚያዩት ተቅማጥ።

እትዬ፦ እናቱ ሥር እያለስ ያ ባክቴሪያ የለም?

ሐኪሙ፦ አለ። ግን ሁለት ነገር ይጋርደዋል። አንደኛው ጨጓራው ነው። የግልገል ጨጓራ ገና በራሱ በቂ አሲድ አያወጣም፤ የሚረዳው ከወተቱ ስኳር የሚገኘው ላክቲክ አሲድ ነው። ወተቱ ሲቋረጥ ጨጓራው ይለዝባል፤ ባክቴሪያው ሳይሞት ያልፋል። ሁለተኛው በእንገሩ ያገኘው መከላከያ ነው። እሱ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እየሳሳ ይሄዳል፤ የራሱ መከላከያ ደግሞ ገና አልበረታም። በ21 ቀን ስናስጥለው ሁለቱንም ጋሻ ባንድ ቀን እንቀማዋለን። ለተፈጥሮ ቢተው ኖሮ ይህ እንዴት እንደሚሆን የታየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፔር ጄንሰን የተባሉ ስዊድናዊ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ የቤት አሳማዎችን ሰፊ አጥር ግቢ ውስጥ እንደ ልባቸው ለቀው ሲከታተሉ፣ እናቶቹ ማጥባቱን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ጨርሰው ያቆሙት በአማካይ 17 ሳምንት አካባቢ ነበር።

እትዬ፦ አራት ወር! እንዲያ ከሆነማ እርባታውን መዝጋት ነው።

ሐኪሙ፦ አራት ወር ይጠብቁ አላልኩም። አምስት ሳምንት እንኳ ተፈጥሮ ከምትሰጠው ሲሦ አይሞላም፤ እሱንም አንከልክላቸው ነው የምለው።

እትዬ፦ እናቲቱስ? አምስት ሳምንት ስታጠባ አጥንቷ ይወጣል። ባለፈው ዓመት አንዷ እንዲያ ከስታ ሁለት ወር ወንድ ሳትፈልግ ቀረች።

ሐኪሙ፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። የከሳች እናት ከጣለች በኋላ በአራትና በሰባት ቀን መካከል መፈለግ ሲገባት ትዘገያለች። ስታጠባ መኖዋን በልጆቿ ቁጥር ልክ ይጨምሩላት፤ ውኃም ሳይቋረጥ ይቅረብላት። ሌላም መንገድ አለ። በ28ኛው ቀን ከዘጠኙ ትልልቆቹን አምስት ያውጡ፤ እነሱ እህል የለመዱት ናቸው። ትንንሾቹን አራቱን ለአንድ ሳምንት ይተዉላት። እናቲቱ ሸክሟ ይቀልላታል፤ ቀጫጮቹ ደግሞ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪጠግቡ ይጠባሉ።

እትዬ፦ ይህንንስ ወደድኩት። ያቺን ጥቁሯን ታያታለህ? ሁልጊዜ ከኋላ ናት።

ሐኪሙ፦ እሷ ከኋላ የሆነችው በጡቷ ነው። በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ጡት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አይለዋወጡም። ከፊት ያሉት ጡቶች ብዙ ጊዜ ወተት ይበዛቸዋል። ቆይ፣ እናቲቱ ልትጠራቸው ነው፤ ያዳምጡ።

(እናት አሳማ በየሰዓቱ ገደማ ታጠባለች። በጎኗ ትተኛና ዝግ ባለ ድምፅ ታጉረመርማለች። ግልገሎቹ ከየተኙበት ተነሥተው ይሮጣሉ፤ በአፍንጫቸው ጡቱን ይደቁሳሉ። የእናቲቱ ድምፅ ይፈጥናል፤ ወተቱ ይለቀቃል። ግልገሎቹ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ይላሉ፤ ጆሯቸው ወደ ኋላ ይተኛል፤ የሚሰማው ሲውጡ ብቻ ነው። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ያበቃል። ይህን ያላየ ሰው ግልገል ለምን በገንዳ አልበላም እንደሚል ሊገባው አይችልም።)

ሐኪሙ፦ አዩ? ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ጎን ለጎን፣ ተጠርተው፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቀን ከሌሊት። ይህን የለመደ ልጅ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጠባብ ገንዳ ሲሰጡት ምን ያድርግ? ሁለቱ ጉልበተኞች ይይዙታል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። ለመጀመሪያው ሳምንት ዝርግ የላሜራ ትሪ ያድርጉላቸው፤ ዘጠኙም ዙሪያውን ባንዴ አፋቸውን የሚያገቡበት። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይስጡ። በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ፣ ባንድ መቀመጫ የሚያልቅ። ሲሰጡ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጥሯቸው። የተረፈውን ሳያሳድሩ ያንሱት፤ የኮመጠጠ መኖ ራሱ በሽታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለብ ባለ ውኃ እንደ አጥሚት ቀጠን አድርገው ቢያቀርቡት ይቀበሉታል፤ ከዚያ በየቀኑ እያወፈሩ ወደ ደረቁ ይመልሱት።

እትዬ፦ ምን ልስጣቸው? ከመኖ ቤት የምገዛው የትልልቆቹን ነው። የግልገል የሚባል አላገኝም።

ሐኪሙ፦ እዚሁ ባለው እንሠራለን። መነሻው በደንብ የተፈጨ በቆሎና ስንዴ ነው። ፕሮቲኑን ከአኩሪ አተር ያግኙት፤ ግን ሳይቆላ እንዳይሰጡ። ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ እሳት ነው የሚያጠፋው። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ለእናቲቱ ይሁን፤ ቃጫቸው ለሕፃን አንጀት ይከብዳል። የቢራ አተላም እንዲሁ። ጨው በጥቂቱ፣ ለአጥንት ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄት። ከሁሉ በላይ ግን የወተት ነገር ያስፈልጋቸዋል። አጓት የሚደፋ ሰፈር ውስጥ እየኖሩ…

እትዬ፦ አጓት! አይብ የሚያወጡት ጎረቤቶቼ እኮ በባልዲ ነው የሚደፉት።

ሐኪሙ፦ እሱን አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በዕለቱ አጥሚቱን ያቅጥኑበት። የወተት ስኳሩ አለበት፤ ያ የነገርኩዎት አሲድ የሚገኘው ከእሱ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ወተት ገዢ ሲያጣ ዋጋው ይወርዳል። እርስዎ የሚያስጥሉበትን ሰሞን ከጾሙ ጋር ቢያገጣጥሙት ወተቱን በረከሰ ዋጋ ያገኛሉ። ውጭ አገር በከረጢት የሚሸጠውን የወተት ዱቄት እዚህ የሚተካልን ይኸው ነው።

እትዬ፦ ይህን ሁሉ ዓመት አላሰብኩትም።

ሐኪሙ፦ አንድ ነገር ይጨምሩበት። መኖው ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ፣ እናታቸው ሥር እያሉ ይጀመር። እናቲቱ የማትደርስበት ጥግ በአግዳሚ እንጨት ይከልሉ፤ ግልገሎቹ ሾልከው የሚገቡበት። መጀመሪያ ይጫወቱበታል እንጂ አይበሉትም። በ35 ቀን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተለማምደዋል።

እትዬ፦ እሺ። ተቅማጡ ከመጣስ? እኔ ካስጣልኩ ቀን ጀምሮ ውኃቸው ውስጥ ያን ቢጫ ዱቄት አደርግበታለሁ፤ ኦክሲቴትራሳይክሊኑን። ለሁሉም።

ሐኪሙ፦ ለታመመውም ላልታመመውም?

እትዬ፦ እንዳይታመሙ ብዬ ነው እንጂ።

ሐኪሙ፦ ዓለም ሁሉ እንዲያ ብሎ ነው የጀመረው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986 ለማሳደጊያ ተብሎ በመኖ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ከለከለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጡት የጣሉ ግልገሎች ተቅማጥ በዛባት። ያንን ያለፉት የማስጣያውን ዕድሜ ከፍ አድርገው፣ መኖውን ለውጠው፣ ክፍሉን አጽድተው ነው። ሌላው አውሮፓ ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድ ይዞ ቆየ፤ በአንድ ኪሎ መኖ 2500 ሚሊግራም፣ ካስጣሉ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል። ተቅማጡን ይይዝ ነበር። ግን ዚንኩ በፍግ ወጥቶ መሬቱ ላይ እየተጠራቀመ፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችንም እያበዛ ሲሄድ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 አስቆመው።

እትዬ፦ እነሱ ያስቆሙት ሌላ ስላላቸው ነዋ።

ሐኪሙ፦ ሌላ ያሉት ነገር አሁን የምንነጋገረው ነው፤ ዕድሜ፣ ሙቀት፣ ንጽሕና፣ ለሆድ የሚቀል መኖ። የቻይናንም ልንገርዎ። ኮሊስቲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለሰው ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚወጣ የመጨረሻ መድኃኒት ነው። ቻይና ውስጥ አሳማን ለማሳደግ በመኖ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ኢ.ኮላይን ከኮሊስቲን የሚያድን፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረ መል እዚያው ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። በአሳማ፣ በሥጋ፣ በሆስፒታል ታማሚዎችም ላይ። ቻይና ከዚያ በኋላ ኮሊስቲንን ለማሳደጊያ ማዋልን አቆመች።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። በየመድኃኒት መደብሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ዱቄት ለአርቢው ርካሽ የሚመስለው ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ነገ በጤና ጣቢያ አንድ ሕፃን ሲያተኩሰው፣ የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራ መሆን አለበት። ይህን ለእንስሳ ሐኪምና ለአርቢ ብቻ የተተወ ጉዳይ አድርጌ ማየት አልችልም።

እትዬ፦ እንግዲያው ሲታመሙ ዝም ብዬ ልያቸው?

ሐኪሙ፦ በፍጹም! የታመመውን ለይተው ያውጡት፤ ለእሱ ብቻ እኔ መርምሬ መድኃኒት እሰጠዋለሁ። ከእኔ በፊት ግን ውኃ ነው። የሚገድለው ድርቀቱ ነው። ለልጆች የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠው በዝርግ ዕቃ ያቅርቡለት፤ ካልጠጣ በጥንቃቄ በአፉ ያጠጡት። ሌላ ምልክት ካዩ፣ የዐይን ቆቡ አብጦ፣ ሲራመድ እየተንገዳገደ ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት ይደውሉልኝ። ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኢ.ኮላይ ነው፤ የሚይዘው ደህና የሚመስለውን፣ ወፍራሙን ነው።

እትዬ፦ ውኃው በባልዲ ነው፤ ይገለብጡታል።

ሐኪሙ፦ በአፋቸው ተጭነው የሚጠጡበት ቧንቧ ያስገጥሙ፤ ከትከሻቸው እኩል፣ ለአሥር ግልገል አንድ። በመጀመሪያው ቀን ጠብ ጠብ እንዲል ትንሽ ይልቀቁት፤ በድምፁ ያገኙታል። አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ፤ ኅዳር ነው።

እትዬ፦ ሌሊቱ አይጣል ነው።

ሐኪሙ፦ ቢሾፍቱ 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች። ጡት የጣለ ግልገል በመጀመሪያው ሳምንት በተኛበት ቦታ 28 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ዲግሪ መቀነስ ይቻላል። በረቱን በሙሉ ማሞቅ አንችልም። የሚተኙበትን ብቻ እናሙቅ። ከእንጨት ክዳን ያለው ዝቅ ያለ ሣጥን ያሠሩ፤ ወለሉ ላይ ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ በበሩ ላይ የጆንያ መጋረጃ። የራሳቸው ትንፋሽ ይበቃቸዋል፤ መብራት ቢጠፋም አይጨነቁም። ሌሊት አንዴ ወጥተው ይዩአቸው። ጎን ለጎን ተዘርግተው ከተኙ ተመችቷቸዋል። ተደራርበው ከተንቀጠቀጡ በርዷቸዋል። ተበታትነው ከሣጥኑ ውጭ ከተኙ ሞቋቸዋል። ደግሞ ሻማ አብርተው ወለሉ አጠገብ፣ በግልገሉ ቁመት ይያዙት። ነበልባሉ ካዘነበለ ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። እርስዎ ቆመው አይሰማዎትም፤ እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይመታዋል።

እትዬ፦ ይህንንስ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ካስጣልኩ በኋላ ወደ ማዶ በረት ላሻግራቸው ወይስ?

ሐኪሙ፦ እናቲቱን ያውጡ፤ ልጆቹን እዚያው በለመዱት ቦታ ለጥቂት ቀን ይተዉ። እናት፣ ምግብና ቤት ባንድ ቀን አይቀየርባቸው። ከሌላ እናት ልጆች ጋር ማደባለቅ ካለብዎ እኩዮቹን ከእኩዮች ያድርጉ፤ አንድ ሁለት ቀን ይደባደባሉ፣ ከዚያ ይረጋሉ።

እትዬ፦ የሆቴል ትራፊስ? ለነሱም ብጨምርላቸው ይወፍራሉ። ትልልቆቹ በእሱ ነው ያደጉልኝ።

ሐኪሙ፦ ለግልገሎቹ በጭራሽ። ለትልልቆቹም ቢሆን ሳይፈላ አይስጡ፤ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት በእሳት ላይ ይቆይ። ትራፊው ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሊኖር ይችላል። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በሥጋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ሪፖርት ያደረገችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነው። እስከ 2014 ድረስ ከተሰበሰበው ናሙና የተገኘው ቫይረስ ከዚያ በፊት ከታወቁት 22 ዘረ መላዊ ዓይነቶች የተለየ ሆኖ 23ኛ ተብሎ ተመዝግቧል። በሽታው መድኃኒት የለውም። አንዴ ከገባ ከትንሹ እስከ ትልቁ በረቱን ባዶ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ሌላ አርቢ ጋ የዋለ ጫማ እንኳ እዚህ በር ላይ እንዲወልቅ የምለምንዎ።

እትዬ፦ ገዢውም በየበረቱ ነው የሚዞረው። አርብ ይመጣል፤ ስድስት ግልገል ለሌላ አርቢ ሊወስድልኝ ቀጠሮ ይዟል። ካስጣልኩበት ቀን ልስጠው ብዬ ነበር።

ሐኪሙ፦ ያን ቀን የሄደ ግልገል እናቱን፣ ምግቡን፣ ቤቱን ባንድ ቀን አጥቶ በመኪና ላይ ነው የሚያድረው። ገዢው ጋ በአምስተኛው ቀን ይሞትና ስምዎ ይጠፋል።

እትዬ፦ መቼ ልስጠው ታዲያ?

ሐኪሙ፦ ካስጣሉ ሁለት ሳምንት ይቁጠሩ። ተቅማጥ ካልነካቸው፣ ደረቁን መኖ እየበሉ ከሆነ፣ ያኔ ይሂዱ። ደግሞ በቁጥር አይሽጡ፤ በሚዛን ይሽጡ። ያቆዩበትን የሁለት ሳምንት መኖ ሚዛኑ ይመልስልዎታል።

እትዬ፦ በሚዛን ከሆነማ ይሁን፤ እኔም ትርፌን አየዋለሁ። እሱ ግን ከበር ውጭ ይቁም። እኔ አውጥቼ አስረክበዋለሁ።

ሐኪሙ፦ ጥቁሯን አይስጡት።

እትዬ፦ እሷማ ገና እናቷ ሥር ናት። ለሰባት ቀን ብለህ የለ?